ገና እንደተነሳ ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን

ስለ በረራ ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎች ቀድመው የሚያነሱት ጥያቄ አይለወጥም፦ «አየር ላይ እያለን ሞተሩ ቢጠፋስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሞተሩ የት ቦታ ላይ ጠፋ በሚለው ይወሰናል። ከፍ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከሆነ አብራሪዎቹ የሚያስቡበት፣ የሚነጋገሩበትና የሚያርፉበትን የሚመርጡበት ጊዜ አላቸው። ከመሬት በተነሳ በደቂቃ ውስጥ ከሆነ ግን ፍጥነቱም፣ ከፍታውም፣ ጊዜውም ትንሽ ነው። ይህ ማብራሪያ ስለዚያች ደቂቃ ነው። ለዓመታት አደጋዎችን ሳጠና በውስጤ የጸናው ሐሳብ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የመንገደኛው ሕይወት የሚንጠለጠለው አብራሪው ገና መሬት ላይ እያለ አስቦና ወስኖ በተነሳው ነገር ላይ መሆኑ ነው።

ሞተርና ክንፍ የየራሳቸው ሥራ አላቸው

አውሮፕላንን አየር ላይ የሚያቆየው ክንፉ ነው። የሞተሩ ሥራ ወደፊት መግፋት ነው፤ አውሮፕላኑ ወደፊት ሲሄድ አየር በክንፉ ላይና ሥር ይፈስሳል፣ ክንፉም ከዚያ ፍሰት የማንሳት ኃይል ያገኛል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይቋረጣል እንጂ ክንፉ ሥራውን አያቆምም። አብራሪው አፍንጫውን በመጠኑ ዝቅ ካደረገው የመሬት ስበት በሞተሩ ምትክ ፍጥነቱን ይጠብቅለታል። ከእንጦጦ ቁልቁለት ሞተሯ ጠፍቶ የምትወርድ መኪና አስቡ፤ ቁልቁለቱ እስካለ ድረስ ትሄዳለች፣ የምትከፍለው ከፍታዋን ነው። አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊንሳፈፍ ይችላል። ትንሿ ሴስና 172 ደግሞ 9 ገደማ ትሄዳለች።

ክንፉ በእርግጥ ሥራ የሚያቆመው በሌላ ምክንያት ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሎ ፍጥነት ሲያንስ፣ አየሩ ከክንፉ የላይኛው ገጽ ይላቀቃል፤ አብራሪዎች ይህን ስቶል ይሉታል። ሞተር ጠፍቶ የሰው ሕይወት ከጠፋባቸው አደጋዎች ብዙዎቹ ያበቁት በስቶል ነው። መሬት እየቀረበ ሲመጣ የማንኛውም ሰው እጅ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይቃጣዋል፤ ይህን ተፈጥሯዊ ፍላጎት ማሸነፍ የሚቻለው በተደጋጋሚ ልምምድ ብቻ ነው። ለዚህም ነው በየትኛውም የበረራ ትምህርት ቤት ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚሰጡት፦ መጀመሪያ አብርር፣ ቀጥሎ አቅጣጫህን ያዝ፣ በመጨረሻ ተናገር። ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር መነጋገር ሦስተኛ የሆነው ማማው ላይ ያለው ባለሙያ ስለማይጠቅም አይደለም። እሱ መንገድ ሊያስጠርግ፣ የእሳት አደጋ መኪና ሊጠራ ይችላል፤ ፍጥነቱን ሊጠብቅ የሚችለው ግን መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ካፒቴኑ እጁን ከማንሻው ላይ ሲያነሳ

ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱ አብራሪዎች ድምፃቸውን አሰምተው የሚነጋገሩት ነገር አለ። ከዚህ ፍጥነት በፊት ችግር ከመጣ እናቆማለን፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ይዘነው እንነሳለን፤ ከተነሳን በኋላ እስከዚህ ከፍታ ቀጥ ብለን ሄደን ወደዚህ እንታጠፋለን። በየቀኑ የሚበሩበት መስመር ቢሆንም ይህን ሳይባባሉ አይነሱም።

ማቆምንና መነሳትን የሚለየው ያ ፍጥነት ቪ-ዋን ይባላል። ለእያንዳንዱ በረራ በየራሱ ይሰላል፤ የአውሮፕላኑ ክብደት፣ የአየሩ ሙቀት፣ ነፋሱ፣ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ አስፋልቱ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑ ሁሉ ይገባበታል። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር የካፒቴኑ እጅ በሞተሮቹ ማንሻ ላይ ነው፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ማንሻውን መልሶ ፍሬን ለመያዝ ነው። «ቪ-ዋን» የሚለው ጥሪ ሲሰማ እጁን ከማንሻው ላይ ያነሳል። ለዓይን ትንሽ እንቅስቃሴ ናት፤ ትርጉሟ ግን ትልቅ ነው። ከዚህ በኋላ ፍሬን ቢያዝ መንደርደሪያው አልቆ አውሮፕላኑ ከነነዳጁ ከአጥሩ ባሻገር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ቢነድም፣ ቢጮህም፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋም ይነሳል። እጁን ያነሳው በድንጋጤ ተመልሶ ማንሻውን እንዳይስብ ነው።

አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይወጣል

ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን የበረራ ፈቃድ የሚያገኘው፣ ከቪ-ዋን በኋላ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ተነስቶ መውጣት እንደሚችል ሲያረጋግጥ ነው። መመዘኛው በቁጥር የተቀመጠ ነው፦ ከመንደርደሪያው ሳያልፍ 35 ጫማ፣ ማለትም ወደ 11 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መድረስ አለበት። ጎማው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ በአንድ ሞተር ብቻ ቢያንስ 2.4 በመቶ እየወጣ መሄድ አለበት። በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 24 ሜትር መሆኑ ነው። ብዙ አይደለም፤ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ግን ይበቃል።

ሞተሩ ሲጠፋ አፍንጫው ወደ ጠፋው ሞተር ይዞራል፤ የሚገፋው የአንድ ወገን ሞተር ብቻ ነውና። አብራሪው በእግሩ ፔዳሉን ረግጦ በጅራቱ መሪ ይመልሰዋል። ጎማ ይሰበሰባል፣ የተሰላው ፍጥነት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለማያውቅ ሰው ያስገርማል፤ ለጥቂት ጊዜ ሆን ተብሎ ምንም አይነካም። በብዙ አየር መንገዶች አሠራር 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ከፍታ ሳይደረስ የጠፋውን ሞተር የሚመለከት ማንሻም ሆነ ቁልፍ አይነካም። ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሰብስበው ማብረር ብቻ ይቀጥላሉ። ይህ መዘግየት የሚመስለው ሥርዓት ከምን እንደሚያድን በቀጣዩ አደጋ ላይ እንየው።

የሚሠራውን ሞተር ማጥፋት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 አንድ የትራንስኤዥያ አየር መንገድ ኤቲአር 72 አውሮፕላን ከታይፔ ሶንግሻን ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ሞተር ፕሮፔለር መግፋቱን አቆመ። አውሮፕላኑ በግራው ብቻ መብረር ይችል ነበር። ካፒቴኑ ግን ወደ ኋላ የሳበው የግራውን፣ ማለትም ጤነኛውን ማንሻ ነበር፤ ያ ሞተርም ጠፋ። ስህተቱ ሲታወቅ ከፍታ አልቀረም። አውሮፕላኑ ስቶል ውስጥ ገብቶ፣ የመኪና ድልድይ በክንፉ ገጭቶ ኪሉንግ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ከ58 ሰዎች 43ቱ ሞቱ።

ካፒቴኑን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ያስብ። ሁለት አብራሪ የሚቀመጠው አንዱ «የቀኙ ሞተር ነው» ሲል ሌላው አይቶ «አዎ፣ የቀኙ» እስኪል ድረስ እጅ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ያ ልውውጥ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንዶች ነው። በዚያ ቀን የታለፈው እሱ ነበር።

ቦሌ ለምን ይከብዳል?

የአዲስ አበባ ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንድ ያህል ስስ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ የበለጠ ፍጥነትም የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ከከተማዋ በስተሰሜን ደግሞ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉት የእንጦጦ ተራሮች ቆመዋል።

አሁን ስሌቱን ገልብጣችሁ አስቡት። አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው መውጣት ግዴታ ከሆነና አየሩ ስስ ከሆነ፣ ሊቀነስ የሚችለው ክብደቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ በረራ ለብዙ ዓመታት ደብሊን ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይቆም የነበረው፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ቀጥታ የሚገባው በዚህ የተነሳ ነው፤ ዋሽንግተን ያለችው ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሳል። ደብሊን ላይ ከእንቅልፍ መነሳት የሰለቸው መንገደኛ ብዙ ነበር። ያ መሰላቸት ከቦሌ ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ተራራውን አልፎ እንዲወጣ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ እኔ እንደ ውድ አልቆጥረውም።

ባሕር ዳር፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የተመሠረተው አንድ ሞተር ይጠፋል፣ ሌላው ይቀራል በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ትክክል የሚሆነው የሁለቱ ሞተሮች ችግር የማይገናኝ ከሆነ ነው፤ አንዱ በብልሽት ቢጠፋ ሌላው በዚያው ደቂቃ በራሱ ብልሽት የመጥፋቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ወፍ ግን ይህን ስሌት ያፈርሰዋል፤ በመንጋ ይበራልና።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አስመራ ለመሄድ ከባሕር ዳር ተነሳ። ውስጡ 104 ሰዎች ነበሩ። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሲለቅ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ። ሁለተኛው ለጊዜው ያዘ፤ አብራሪዎቹም ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ። በመመለስ ላይ እያሉ እሱም ጠፋ። ከዚያ በኋላ የነበረው ምርጫ ጎማ ሳይወጣ በሆድ ማረፍ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ተሰባበረ፣ እሳትም ተነሳ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

ስለዚህ አደጋ ሳስተምር የምቆየው በሁለተኛው ሞተር ላይ ነው። ወዲያው ቢጠፋ ኖሮ ከፊት ካለው ሜዳ ሌላ ምርጫ አይኖርም ነበር። እየሠራ ሲቆይ ግን ተመልሶ መንደርደሪያ ላይ ማረፍን የሚመስል ተስፋ ይሰጣል፣ ማንኛውም አብራሪም ያንን ተስፋ ይከተላል። ወፍ የገባበት ሞተር እየሠራም ቢሆን ውስጡ ሊጎዳ ይችላል፤ የታጠፈ ምላጭ የአየሩን ፍሰት ያዛባል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። የባሕር ዳር ከፍታም 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የተጎዳ ሞተር የሚሰጠው ትርፍ ኃይል ትንሽ ነው።

ሞተር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በወፍ ይፈተናል፤ እየሠራ ሳለ የሞተ ወፍ ይተኮስበታል። መካከለኛ መጠን ያላቸው ወፎች ሲገቡበት መሥራቱን እንዲቀጥል ይጠየቃል። ትልቅ ወፍ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው ሳይፈነዳና ሳይቀጣጠል በሰላም መጥፋቱን ብቻ ነው።  ስለዚህ የቀረው መከላከያ ያለው መሬት ላይ ነው። በመንደርደሪያ ዙሪያ እህል ማስጣት፣ ቆሻሻ መድፋት፣ የሥጋ ተረፈ ምርት መጣል ርግብንም አሞራንም ይጠራል። ይህን የሚከለክለው ደንብ ለከተማ ውበት ብቻ የወጣ የሚመስላቸው አሉ። የባሕር ዳሩን አደጋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊያስብ አይችልም፤ አጥር ጥግ የሚጣል የቆሻሻ ከረጢት ከመቶ ሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

ሁድሰን ወንዝ ላይ የሆነው

ለባሕር ዳሩ በጣም የሚቀርበው አደጋ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ ደረሰ። ከላጋርዲያ የተነሳ የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ320 በ2,800 ጫማ፣ ማለትም 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከካናዳ ዝይዎች ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ግፊታቸውን አጡ። ከዚያች ቅጽበት ውሃ እስኪነኩ የነበረው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ሲነሱ መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪው ጄፍሪ ስካይልስ ነበር፤ ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ወዲያው ተረከበው። ከዚያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዷን ተማሪዎቼ በደንብ እንዲይዙ እፈልጋለሁ። ጅራቱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ረዳት ሞተር ገና ከመጀመሪያው አስነሳ። ይህ ሞተር አይገፋም፤ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የዚያ አውሮፕላን ኮምፒውተሮች ደግሞ አብራሪውን ከስቶል የሚጠብቁት ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው ነው። አብራሪዎች በአደጋ ጊዜ በቅደም ተከተል በሚከተሉት የሥራ ዝርዝር፣ በቼክ ሊስቱ ላይ፣ ይህ ሥራ የሚገኘው ዘግየት ብሎ ነበር። ቼክ ሊስቱ የተዘጋጀው ሞተሮቹ በጣም ከፍ ብሎ ሲጠፉና ብዙ ደቂቃ ሲኖር ነው ተብሎ ስለነበር ስካይልስ ሊጨርሰው አልቻለም። ሰለንበርገር ወረቀቱን ቢጠብቅ ኖሮ ያን ኤሌክትሪክ አያገኝም ነበር።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ወደ ላጋርዲያ መመለስን፣ ቀጥሎም ቴተርቦሮ የተባለውን ማረፊያ አቀረበለት። እሱ ግን ወንዙን መረጠ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። በኋላ መርማሪዎች በሲሙሌተር ሲሞክሩት፣ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያውኑ የዞረ አብራሪ መንደርደሪያው ላይ መድረስ ችሎ ነበር። ሰው የሆነውን ለማወቅና ለመወሰን የሚያስፈልገው 35 ሴኮንድ ሲጨመርበት ግን አልደረሰም። እነዚያ 35 ሴኮንዶች የአብራሪው ጥፋት አይደሉም፤ በማንኛውም እውነተኛ አደጋ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፣ መታሰብም ያለባቸው ከስሌቱ ሳይወጡ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2019፣ ከሞስኮ ዙኮቭስኪ የተነሳ የኡራል አየር መንገድ ኤ321 ላይ ሁለቱም ሞተሮች ወፍ ገባባቸው። ካፒቴን ዳሚር ዩሱፖቭ ለመመለስ መዞሩን ትቶ ከፊቱ ባለ የበቆሎ እርሻ ላይ ጎማ ሳያወጣ አሳረፈው። 233ቱም ሰዎች በሕይወት ወጡ።

አንድ ሞተር ብቻ ላላት አውሮፕላን

አብራሪዎች በሚሠለጥኑባት ሴስና ላይ ሁለተኛ ሞተር የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ በ100 ወይም በ150 ሜትር ከፍታ ላይ ሲጠፋ ልብ የሚመኘው ተመልሶ የተነሱበት መንደርደሪያ ላይ ማረፍ ነው፤ ይህ ምኞት ስንት ሠልጣኝና ስንት አስተማሪ በልቷል። ለመመለስ ግማሽ ክብ መዞር አይበቃም፤ ዞረው ሲጨርሱ ከመንደርደሪያው ጎን ስለሚሆኑ ከዚያ በላይ መዞርና እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ቶሎ ለመዞር ክንፉን 45 ዲግሪ ቢያዘነብሉት ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት 19 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 60 ዲግሪ ከሆነ 41 በመቶ። ያለችው ፍጥነት በቅጽበት አነስተኛ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ በዝቅተኛ ከፍታ የሚሰጠው ትምህርት አፍንጫን ዝቅ አድርጎ፣ ከፊት ካለው ውስጥ የተሻለውን መርጦ ማረፍ ነው። ነዳጁ ይዘጋል፣ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ መሬት ከመንካቱ በፊት በሮቹ ገርበብ ይደረጋሉ፤ አካሉ ከተጣመመ የተዘጋ በር አይከፈትምና።

ተመለስን ብለው ለምን ይዞራሉ?

አንድ ሞተር ጠፍቶ በሌላው በደህና የሚበር ትልቅ አውሮፕላን ወዲያው የማያርፍበት ጊዜ አለ፤ መንገደኛው መስኮት ላይ አፍጥጦ «ምን ይጠብቃሉ?» ይላል። ክብደት ነው። ቦይንግ 787-8 እስከ 228 ቶን ገደማ ሆኖ ሊነሳ ይችላል፤ ለማረፍ የተፈቀደለት ግን 172 ቶን ገደማ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ነዳጅ ነው። አንዳንድ አውሮፕላኖች ነዳጁን አየር ላይ ያፈስሱታል፣ አንዳንዶቹ እየዞሩ ያቃጥሉታል። እሳት ካለ ግን ከነክብደቱ ይታረፋል፤ ፍሬኑ ግሎ ጎማው ቢፈነዳም የሚጠገን ነው። የእሳት አደጋ መኪኖች ከጎን ሲሮጡ የምታዩት ብዙ ጊዜ ለዚህ የጋለ ፍሬን ነው።

ከመንገደኛው የሚጠበቀው

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊዎቹ እያወኩት ወደ ባሕሩ ዳርቻ አስጠግቶ ነበር ያወረደው። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከግጭቱ ተርፈው የነበሩ መንገደኞች ውስጥ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፎ ያዛቸው፣ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። የበረራ አስተናጋጇ «ጃኬቱን ከበሩ ሳትወጡ አትንፉ» የምትለው የዚህን ዓይነት ሞት ለመከላከል ነው፤ ስትናገር ስልካችሁን አስቀምጡና አዳምጧት።

ሌላው ሻንጣ ነው። አውሮፕላን ለገበያ የሚፈቀደው በጨለማ፣ ከበሮቹ ግማሾቹ ተዘግተው፣ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል ሲታይ ነው። በዚያ ሙከራ ላይ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። ከላይ ሳጥኑን ከፍቶ ፓስፖርቱንና ለዘመድ የያዘውን የሚፈልግ ሰው ከኋላው ላለው ሁሉ መንገዱን ይዘጋል። ፓስፖርቱን ከመነሳታችሁ በፊት ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጫማችሁን ስትነሱና ስታርፉ አታውልቁ። ተቀምጣችሁም እስከ ቅርቡ በር ስንት ረድፍ እንዳለ ከፊትም ከኋላም ቁጠሩ፤ ጭስ ከሞላ ዓይን አያይም፣ የመቀመጫውን ጀርባ በእጅ እየዳሰሱ በሩን ማግኘት የሚቻለው ቁጥሩ አስቀድሞ ከታወቀ ነው።